ከማንኩሳ ሜዳ ወደ ሰከላ ከፍታ፦ ለብቻ የሚደረግ የአንድ ቀን የተራራ ጉዞ መመሪያ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደው አስፋልት ማንኩሳን የሚያልፈው በበቆሎና በበርበሬ ማሳ መካከል ነው። ብዙው አንባቢ የዚህችን ቦታ ስም የሚያውቀው በ1958 ዓ.ም. ከታተመው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ የበዛብህ አገር ናት። በመኪና መስኮት ሲታይ አገሩ ሜዳ ይመስላል። ከአስፋልቱ በስተሰሜን ግን መሬቱ እየተነሣ ሄዶ በሰከላ፣ በቋሪትና በደጋ ዳሞት ብርዳም ደጋ ይሆናል፤ አመዳሚት ተራራም ከ3,500 ሜትር በላይ ይቆማል። ፍኖተ ሰላም ያለችው በ1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነውና በጥቂት ሰዓት ጉዞ ከወይና ደጋ ወጥቶ ውርጭ አፋፍ መድረስ ይቻላል።

ይህ መመሪያ ከሰከላ ወረዳ ዋና ከተማ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ፣ በዙሪያዋ ካሉት ከፍታዎች በአንዱ ላይ ውሎ፣ ሳይመሽ ለብቻው መመለስ ለሚፈልግ ሰው ነው። ወደ ግሽ ዓባይ ለመሄድ ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው በማንኩሳና በቡሬ አልፈው ጥሊሊ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ከዋናው መንገድ ወደ ሰከላ ይታጠፋሉ። ቀለም የተቀባ ምልክት እየተከተሉ የሚወጡበት መንገድ አይጠብቁ። መንገዱ የገበያተኛ፣ የከብትና የጸበልተኛ መንገድ ነው።

ተራራ ለብቻ ስለ መውጣት በስኮትላንድ ብዙ ተጽፏል። እዚያ ከተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ገበያ ያነሰ ማለት ነው። ነገር ግን ራቅ ወዳሉት ኮረብቶች የወጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ሰው ሳያይ ሊውል ይችላል። ስለዚህ ምክራቸው ሁሉ ስለ ካርታ፣ ስለ ኮምፓስና ስለ ንፋስ ነው። የእኛ ተራራ ግን ሰው አለበት። ገብሱና ድንቹ ከ3,000 ሜትር በላይ ይዘራል፤ ከዚያም በላይ እረኛ አለ። በጎጃም ደጋ ላይ ለብቻ የሚሄድ ሰው ደኅንነቱ የሚያርፈው ከጫማውና ከካርታው ይልቅ በአካባቢው ሰው ዘንድ በመታወቁ ላይ ነው። የቆሎ ተማሪ ከመምህር ወደ መምህር ጎጃምን ለብቻው ሲያቋርጥ የኖረው ዱላ፣ ደበሎና አኮፋዳ ብቻ ይዞ ነው። ያየው ሁሉ ግን ማን እንደሆነና ምን ፈልጎ እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። ደማቅ ጃኬት ለብሶ ቦርሳ ያዘለ መንገደኛ ይህ መታወቂያ የለውም፤ ራሱ ሊያበጀው ይገባል።

ከመነሣትዎ በፊት

ከሁሉ አስቀድሞ የሰላሙን ነገር ያጣሩ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ኖሯል፤ ምዕራብ ጎጃምም ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። የሚጠይቁት አዲስ አበባ ያለ ዘመድዎን አይሁን። እዚያው የሚኖር ሰው፣ በዚያ መስመር የሚሠራ ሹፌርና የወረዳው አስተዳደር ይጠየቁ። አንድ ጊዜ ከሳምንት በፊት፣ ሌላ ጊዜ በዋዜማው፣ ደግሞም በዕለቱ ጠዋት ይጠይቁ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ቢያመነታ ጉዞውን ይተዉት። ለሽርሽር ብሎ በዚህ ጉዳይ ዕድል መሞከር አይገባም፤ በእርስዎ የተነሣ ችግር የሚደርሰው ያስጠለለዎት ሰው ላይም ነውና።

ወቅቱን ይምረጡ። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል፤ ዝናቡ ቆሟል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ምንጮቹ ገና አልደረቁም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደጋው ላይ ውርጭ ይወርዳል፤ ቀን ግን ለመራመድ የተመቸ ነው። በክረምት አይውጡ። ቀዩ አፈር ከረጠበ ጫማ ላይ እየተለጠፈ ያዳልጣል፤ ጠዋት የተሻገሩት ጅረት ከሰዓት በኋላ ደራሽ ይዞ ይጠብቅዎታል። ጥር 13 የአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል ስለሚከበር ግሽ ዓባይ በሕዝብ ትሞላለች። ብቸኝነትን የሚፈልጉ ከሆነ ሌላ ቀን ይምረጡ፤ በዓሉን የሚፈልጉ ከሆነ ደግሞ ተራራውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። አጥብቀው የሚጾሙ ሰው ከሆኑም እህልና ውሃ የማይቀምሱበትን ቀን ለአቀበት አይምረጡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስለ ጉዞዎ ሦስት ሰው ይወቅ። አንደኛው ቤትዎ ያለ ሰው ነው። ሁለተኛው ግሽ ዓባይ ያሳደረዎት ሰው ነው። ሦስተኛው ከተራራው ግርጌ ባለው ቀበሌ የሚገኝ ሊቀመንበር፣ ሚሊሻ ወይም የታወቀ ሽማግሌ ነው። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ቃል ይንገሩ፦ በየትኛው በኩል እንደሚወጡ፣ በየትኛው እንደሚወርዱ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ፣ እስከ ስንት ሰዓት ካልተመለሱ መፈለግ እንዳለባቸው። በወረቀት ጽፎ መተው ከቃል ይሻላል። መንገድ ላይ ሐሳብዎን ቀይረው በሌላ በኩል ለመውረድ ቢያምርዎት፣ ደውለው ካላሳወቁ በስተቀር አይቀይሩ።

መታወቂያዎን ይያዙ። ከሩቅ የመጡ ከሆነ ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የትብብር ደብዳቤ ማጻፍ ብዙ ጥያቄ ያስቀርልዎታል። አቅራቢ መነጽር፣ ድሮንና ትልልቅ ካሜራ ይዘው አይውጡ። ባለፉት ዓመታት ብዙ ያየ ሕዝብ እንዲህ ያለ ዕቃ የያዘውን እንግዳ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ቦታው ለእርስዎ ፍጹም አዲስ ከሆነ የመጀመሪያውን ቀን የአካባቢውን ሰው ይዘው ይውጡ፤ ዋጋውን አስቀድመው ይነጋገሩ። ለብቻ መውጣቱ በሁለተኛው ቀን ይድረስ። ሴት ከሆኑ ይህን ምክር በተለይ አጥብቄ እሰጣለሁ። ወደ ጸበል ከሚወጡ እናቶች ጋር መንገድ መጀመር፣ ወይም ባደሩበት ቤት ያለች ጎልማሳ ሴት አብራዎት እንድትውል መስማማት ጉዞውን አያበላሸውም። ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ አብሮ መሄድም ይቻላል።

የሚይዙት

ጫማው መሬት የሚይዝ ሶል ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚደግፍና ቀድሞ የተለማመዱት ይሁን። አዲስ ጫማ ለአቀበት አይሆንም። ስለ ጫማ ካነሣን አይቀር በጎጃም ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የእግር እብጠት ሊይዘው ይችላል። በሽታውን የሚያመጡት አፈሩ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች ናቸው፤ ጫማ በማድረግና እግርን በሳሙና በመታጠብ ይከላከሉታል። የአንድ ቀን ጉዞ አያስይዝዎትም። በመንገድዎ ላይ እግሩ ያበጠ ሰው ካገኙ ግን በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ይወቁና እጁን ጨብጠው ሰላም ይበሉት። ብዙዎቹን ከእብጠቱ እኩል የሚጎዳቸው የሰው መሸሽ ነው።

ልብስን በተመለከተ በየ1,000 ሜትሩ አየሩ 6 ወይም 7 ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ ያስቡ። ፍኖተ ሰላም በሸሚዝ የሄደ ሰው አመዳሚት ጫፍ ላይ በ10 ዲግሪ ገደማ የሚቀዘቅዝ አየር ያገኘዋል፤ ንፋሱ ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። ጋቢ ለማደሪያ ጥሩ ነው፤ ለተራራ ግን አልመክረውም። ከረጠበ ይከብዳል፣ ሙቀትም አይሰጥም። የሱፍ ሹራብ፣ ንፋስና ዝናብ የሚያስጥል ስስ ጃኬት፣ ሰፊ ባርኔጣ ይበቃሉ። የከፍታ ፀሐይ ብርዱን እያታለለ ቆዳ ያቃጥላል።

ውሃ ሦስት ሊትር ይያዙ። ከብት ከሚጠጣበት በታች ካለ ጅረት መቅዳት ግድ ከሆነ አኳታብ ወይም ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ ጽሑፉ ላይ ባለው መጠን ጨምረው ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። ምግቡ ቀላል ነው፦ ቆሎ፣ ዳቦ፣ በሶ። በሶ በጥቂት ውሃ ተበጥብጦ በማር ከተጠጣ የሚተካከለው የመንገድ ስንቅ አላውቅም። ከዚህ ሌላ ዱላ፣ ፊሽካ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ፋሻ፣ ሁለት ከረጢት ኦአርኤስና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ የተጫነበት ስልክ ይያዙ። የስልክ ኔትወርክ ሸለቆ ውስጥ ሊጠፋ፣ ጉብታ ላይ ሊመለስ ይችላል፤ በስልክ ብቻ አይታመኑ።

ዋዜማውን ፍኖተ ሰላም ወይም ማንኩሳ የሚያድሩ ከሆነ አጎበር ይጠቀሙ። ያ አገር ወባማ ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ደግሞ የወባ ወቅት ነው። ከተራራው ከተመለሱ በሳምንትና በሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት ቢሰማዎት ድካም ነው ብለው አይተኙበት፤ ይመርመሩ።

ሰዓቱን ማስላት

ስኮትላንዳዊው ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ያገለግላል፦ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። ደርሶ መልሱ 12 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ 600 ሜትር ከሆነ ወደ ሦስት ሰዓት ተኩል ይመጣል። ይህ ግን ለእነሱ ዝቅተኛ ኮረብታ የተሠራ ነው። አየሩ በሚሳሳበት በእኛ ከፍታ ግማሹን ይጨምሩበትና አምስት ሰዓት ይበሉት። በዚያ ላይ የሰላምታ ጊዜ አለ፤ በጎጃም መንገድ ላይ ይህን ያልቆጠረ ሰው ሁልጊዜ ይመሽበታል።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ መንገድ ይጀምሩ። የመመለሻ ሰዓትዎን ደግሞ አስቀድመው ይቁረጡ። እኔ የምመክረው 7 ሰዓት ነው። ጫፉ መቶ እርምጃ ቢቀረው እንኳ 7 ሰዓት ሲሆን ፊትዎን ያዙሩ። በታኅሣሥ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ ከዚያም ጨለማው ቶሎ ይወርዳል፤ ሌሊቱ የጅብ ነው።

በጠዋት፣ ከምንጩ ጀምሮ

ግሽ ዓባይ ያለውን የግልገል ዓባይ ምንጭ፣ ማለትም ጸበሉን፣ ለማየት ከፈለጉ ከሁሉ በፊት ወደዚያ ይሂዱ፣ ሳይበሉም ይሂዱ። ምግብ የቀመሰ ሰው ወደ ጸበሉ አይቀርብም፤ ጫማም ይወለቃል። ካህን ሲያገኙ «ይፍቱኝ አባ» ይበሉ፣ ያሰቡትን ይንገሯቸው። ከዚያ ወጥተው ቁርስዎን ይብሉና አቀበቱን ይጀምሩ።

መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ቀድመው ሰላም ይበሉ። አራሽ ወይም አጫጅ ካገኙ «ያበርታችሁ» ይበሉ። ከየት እንደመጡና ወዴት እንደሚሄዱ ይጠይቁዎታል። ይህ ወግ ነው፣ መዝገብም ነው፤ ቢጠፉ የሚያስታውሱዎት እነዚህ ሰዎች ናቸውና ሳይሰለቹ እውነቱን ይመልሱ። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልዎ» ተብለው ሲሸኙ «አሜን» ማለት አይርሱ።

ውሻን በተመለከተ ከአጥሩ ራቅ ብለው ይቁሙና «ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!» ብለው ይጣሩ። ሰው እስኪወጣ አይራመዱ። ውሻው ደርሶብዎት ከሆነ አይሩጡ፤ ዱላውን ከፊትዎ ዝቅ አድርገው ይዘው፣ ፊትዎን ሳያዞሩ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ይራቁ። ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ ማለት ብቻ ብዙውን ጊዜ ይመልሰዋል። ከነከሰዎት ግን ጉዞው እዚያው አበቃ። ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡት፣ በዕለቱም ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ይህ በሽታ ከጀመረ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ሰብል አይርገጡ። አቋራጭ መስሎ የታየዎት ጭረት የሰው ድንበር ሊሆን ይችላል። እረኛ ልጆች እየተከተሉ መንገድ እናሳይ ቢሉዎት አመስግነው ይመልሷቸው፤ ልጁ እርስዎን ሲያጅብ ከብቱ የሰው ገብስ ውስጥ ከገባ ማታ የሚቀጣው እሱ ነው። ከረሜላና ሳንቲም አይበትኑ። ለመስጠት ልብዎ ካዘዘ ደብተርና እስክሪብቶ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ይስጡ።

ከፍ እያሉ ሲሄዱ ባሕር ዛፉ እየሳሳ አስታና የጓሳ ሣር ይታያል። በዚህ ጊዜ ፍጥነትዎን ይቀንሱ፤ እየተራመዱ ማውራት ካቃተዎት ፈጥነዋል ማለት ነው። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ከፍታው ብዙ አያስቸግርም፤ በዋዜማው ከቆላ የመጣ ግን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊሰማው ይችላል። መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ሸንተረሩ ላይ ሲደርሱ ይህን ልብ ይበሉ። የሰከላ ከፍታ ውሃ ይከፍላል። ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል፤ የብርና የፈጣም ወንዞች ደግሞ ጣናን ሳይነኩ ወደ ደቡብ ወርደው ዓባይን ይገናኛሉ። ከአንድ ጉብታ ላይ የተነሡ ሁለት ጅረቶች ሰውን ወደ ተለያየ አገር ይወስዳሉ። ጉም ከሸፈነዎት ስለዚህ ውሃ ተከትለው አይውረዱ። ይቀመጡ፣ ሹራብዎን ይልበሱ፣ እስኪገልጥ ይጠብቁ። ካልገለጠ በመጡበት ዱካ ይመለሱ። የከብት ደወል ወይም የውሻ ድምፅ ከሰሙ ወደዚያ ይሂዱ፤ ሰው አለ ማለት ነው።

መብረቅ ካዩ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ይቁጠሩ። 30 ሳይሞላ ከተሰማ ከጫፉ ወዲያው ይውረዱ። ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አይጠለሉ።

ቁልቁለትና አደጋ

ብዙ ሰው የሚጎዳው ሲወርድ ነው። የናይልን ምንጭ ፍለጋ ከስኮትላንድ የመጣው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ግሽ ሲደርስ፣ አብረውት የነበሩት ሰዎች ቦታው የተከበረ ነውና ጫማህን አውልቅ አሉት። አውልቆ በደስታ ቁልቁለቱን ሲሮጥ የተክል ሥር እያደናቀፈው ሁለት ጊዜ ክፉኛ ወደቀ። እርስዎ ግን ደስታዎን ታች ሲደርሱ ያድርጉት። ቁልቁለቱን በአጭር እርምጃ፣ ጉልበትዎን ሳይዘረጉ፣ በዱላ እየተደገፉ፣ አግድም እየተጠማዘዙ ይውረዱ። አረቄ ቢቀርብልዎት በአክብሮት እምቢ ይበሉ፤ ጠላም ቢሆን ከመውረድዎ በፊት አይቅመሱ።

እግርዎ ወለም ካለ ጫማውን ሳያወልቁ በፋሻ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። መራመድ ካልቻሉ ሰው ከሚያይበት ቦታ ላይ ይቀመጡና ይደውሉ፤ ፊሽካውን ሦስት ሦስት ጊዜ እየነፉ ይጠብቁ። «ኡኡ!» ማለት የመጨረሻው ነው። በጎጃም ኡኡታ ከተሰማ የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ፣ መሣሪያ ያለውም መሣሪያውን ይዞ ይደርሳል። ሕይወት ለማዳን ካልሆነ በስተቀር ይህን ድምፅ አያሰሙ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ አምቡላንሱ የሚደርሰው ግን መኪና እስከሚገባበት ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን የሚሸፍነው ቃሬዛ ነው። አውሮፓ ውስጥ በተራራ ነፍስ አድን በጎ ፈቃደኞች የሚሠራውን ሥራ በእኛ ደጋ ምጥ የያዛትን እናትና የታመመውን በትከሻው ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ገበሬ ሲሠራው ኖሯል። እርስዎን ከተሸከመ የአንድ ቀን ሥራው ቀርቶበታል፤ ያንን ማካካስ ግዴታዎ ነው።

ታች ሲደርሱ እግርዎን በሳሙና ታጥበው ያድርቁ፣ ኦአርኤሱን በጥብጠው ይጠጡ። ምግቡ ይቆይ፤ መጀመሪያ መመለስዎን ያሳውቁ። ስለ ጉዞዎ የነገሯቸው ሦስት ሰዎች ፀሐይዋን እያዩ ይጠብቃሉ፤ ሦስተኛው ስልክ ከሌለው እደጁ ድረስ ሄደው በአካል ይንገሩት። ይህን ሳያደርጉ አይተኙ።